ከእኔ በፊት የሠራው

የካቲት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ስካይዌይ

168 በ94። ይህን ደብተር ልጄ ምሥራቅ የገዛችልኝ የደም ግፊቴን በየቀኑ እንድመዘግብበት ነው። ለቁጥር ብቻ ይህን ሁሉ ወረቀት መጨረስ ብክነት ስለሆነ ሌላም እጽፍበታለሁ። ማንም እንዲያነበው አልፈቅድም።

ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ወስኗል። ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረው፣ አሁን ለጊዜው የምንጸልይበት አዳራሽ ሰኔ 21 ቀን፣ በእመቤታችን በዓል፣ ተባርኮ ይከፈታል። የቀኙን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍነውን የጸሎተ ሐሙስ ማዕድ በሸራ ላይ የምሥለው እኔ ነኝ። ሰብሳቢው ኡርጌሳ እጄን ይዞ «ጋሼ መልከጸዴቅ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?» አለኝ።

ማንም የለም። እዚህ ፈረንጅ አገር ልጄ ዘንድ ከመምጣቴ በፊት ድሬዳዋ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የመድኃኒት ቤቱን፣ የጋራዡን፣ የጠጅ ቤቱን ታፔላ የጻፍኩ፣ ሦስት ቤተ ክርስቲያን የሣልኩ ሰው ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም።

የካቲት 22፣ እሑድ

ምሥራቅ ዘርአይን ምሳ ጠራችው። ዘርአይ አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ፕራግ ሥዕል የተማረ፣ እዚህ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ነው። ገና አምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለችው። ጨዋ ነው። ልጄ ስለ አየሩም፣ ስለ መኪናዋም ስታወራ «ጋሽ ዘርአይ እንዳለው» ትላለች። ዛሬ በአንድ ምሳ ላይ ስድስት ጊዜ አለች።

ሽሮው ከተነሣ በኋላ ለማንም ያላሳየሁትን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ አሳየሁት። አርባ ሥዕል ነው። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም።

የነገሩን መጀመሪያ እዚህ ላኑረው። ትንሽ ሥዕል ወደ ትልቅ ግድግዳ የሚገለበጠው በካሬ ተከፋፍሎ ነው። ክር በሰማያዊ ዱቄት ይለወሳል፣ ከጫፍ ጫፍ ይወጠራል፣ ተስቦ ሲለቀቅ መስመሩን ግድግዳው ላይ ይመታል። ሥራው ሲያልቅ ቀለሙ መስመሩን ይሸፍነዋል። እኔ በ1952 ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ራስ ስሥል መስመሩን አልሸፈንኩም። እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው ሠራሁት። በአንዱ ጆሮው ከጎን ታየ፣ በሚቀጥለው ግንባሩ ከፊት። ራቅ ብዬ ሳየው ራሱ በሕይወት ነበረ። ፀጉር አስተካካዩ «የተሰበረ መስታወት ነው ያመጣህልኝ» ብሎ አልቀበልም አለ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለራሴ ሠራሁ። በኋለኞቹ ላይ ሰውየው ጨርሶ ሄዷል፤ ካሬው ብቻ ቀርቷል። ይህን በዓለም ላይ ያደረገ ከእኔ ሌላ የለም።

ዘርአይ አንድ በአንድ አያቸው። ቡናማውን ሥዕል መስኮት ድረስ ወስዶ አየው።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አሳየዎት?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«ማንም አልኩህ።»

ሥዕሉን መልሶ አስቀመጠና በጣም በለሰለሰ ድምፅ «አንድ ነገር ላሳይዎት። ሐሙስ ሙዚየሙ በነፃ ነው» አለ።

174 በ96። ማሽኑ ልክ አይደለም።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

አየሁት።

የካቲት 27

ትናንት ከአንድ ቃል በላይ አልጻፍኩም። ብርዱ ነው።

ሥዕሉ ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ ከክንዴ ብዙም አይበልጥም። ከሌላ ከተማ በውሰት መጥቶ ለጥቂት ወራት የሚቆይ ነው። አንዲት ሴት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ከታች እጇ፣ ማሰሮው፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ይታያሉ፤ ሁሉም ተቆራርጠው፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከጎን እንደታየ ሆነው። ዓይን ወደ ላይ ሲወጣ ሴትየዋ እየሄደች ነው። ትከሻዋ አራት ማዕዘን ሆኗል። ከራሷ በላይ ሰውም ዕቃም የለም፤ የአመድ፣ የሸክላና የደረቀ ሣር መልክ ያላቸው ካሬዎች ብቻ፣ በጥቁር መስመር ተለያይተው።

«ከዚህ ሰው በፊት የነበሩት» አለኝ ዘርአይ፣ «ዕቃውን ሰብረው ከሁሉም አቅጣጫ አሳዩ። ከእሱ በኋላ የመጡት ዕቃውን ጨርሰው ትተው መስመርና ካሬ ብቻ አስቀሩ። እሱ መሀል ላይ ቆሟል። እግሩ እዚያ፣ ራሱ እዚህ።»

ሥሩ የተለጠፈው ወረቀት በነሱ አቆጣጠር 1914 ይላል። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው። ሠዓሊው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ሞቷል። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመቴ የቢራ ጠርሙስ እሥል ነበር። ስሙን እዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም።

ዘርአይ «እርስዎ እኮ ይህን ሳያዩ ለብቻዎ ነው የደረሱበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። ለሕፃን የሚባል ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ዘርአይ አላየም፤ እኔ አየሁ። ሴትየዋ በጎን ነው የተሣለችው፤ አፍንጫዋ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ዓይኖቿ ግን ሁለቱም አሉ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነገርኩት።

«እኛ ዘንድ ጻድቅ ሰው ሙሉ ፊቱ ይሣላል፣ በሁለት ዓይን። ኃጥእ በጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ይህች ሴት ታዲያ የቱ ናት? ወይ ሠዓሊው አልተማረም፣ ወይ ሁለቱም ናት።»

ዘርአይ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። «ጋሼ፣ ቆይ ፓርክ አድርጌ ልሳቅ! ይህን እኮ ማንም አላሰበውም!»

እኔ አልቀለድኩም።

መጋቢት 4

ትኬት የምቆርጥበት የፓርኪንጉ የመስታወት ክፍል ከሙዚየሙ ሁለት መንገድ ብቻ ይርቃል። በምሳ ሰዓቴ ሄድኩ። ለማድነቅ አይደለም፤ ስህተት ለመፈለግ ነው። ከላይ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው መስመር ወደ ታች ሲወርድ ይንጋደዳል። በክር ቢመታው ኖሮ አይንጋደድም ነበር። በእጁ ነው የሳበው።

160 በ90። ጥሩ ቀን።

መጋቢት 5

እንደገና ሄድኩ። መንጋደዱ ሆን ተብሎ ይሆናል። እዚያ ጋ ባይንጋደድ ኖሮ የሴትየዋ አንገት ይደርቅ ነበር።

መጋቢት 13

ኮሚቴው የግራውን ግድግዳ ለዘርአይ ሰጠው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ኩሽና ውስጥ ደስታነሽ ለሴቶቹ ስትል ሰማሁ፣ «ጋሼ ጎበዝ ናቸው፣ ግን ዘርአይ የተማረ ነው። አንዱ ግድግዳ እንኳ የተማረ ሰው ይሥራው።» ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ለኡርጌሳ ምንም አላልኩም። የቀኙን ግድግዳ ክር መታሁ። መቶ አሥራ ሁለት ካሬ፣ አንዱም አልተንጋደደም። ታፔላ ጻፊ አንድ ሕግ አለው፤ የተመታ መስመር አይጠፋም። ተሳስተህ ከመታህ ከስህተቱ ጋር ትኖራለህ። እኔ የሠራሁትን በላዩ ቀለም ቀብቼ አጥፍቼ አላውቅም።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ዘርአይ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለኛ ሰው በአማርኛ ስለዚያ ሥዕል ተናገረ። ምሥራቅ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ በኮምፒውተር ስትጽፍለት ነበር። ሰው ሞልቷል። የሥዕሉን ፎቶ በመብራት ግድግዳው ላይ ጣለው።

ሠዓሊው ከእሱ በፊትና በኋላ በነበሩት መሀል ድልድይ መሆኑን ተናገረ። ከዚያ ወደ ፊቷ እየጠቆመ «እኛ ዘንድ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህ ሠዓሊ ግን ጻድቁንና ኃጥኡን አንድ ፊት ላይ አስቀመጣቸው» አለ።

አዳራሹ በሙሉ «አሃ!» አለ። ልጄም አለች። አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማው፤ እኔን እንዲያ ሰምታኝ አታውቅም።

ተነሥቼ ወጣሁ። በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ምሥራቅ ስትመጣ «አባዬ፣ ለምን...» ስትል «ስለዚያ ሰው ቤቴ ውስጥ አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አልኳት። ቤቱ የሷ ነው። ቢሆንም እሺ አለች።

179 በ98።

ሚያዝያ 2

ሐዋርያቱ እየወጡ ነው። ዘጠኙ አልቀዋል። በግራ ጫፍ የተቀመጠው ሽማግሌ እኔን ይመስላል አሉኝ። ሠዓሊ ራሱን ከደጋጎቹ ጋር ቢያስቀምጥ ልማድ ነው። ሁለት ዓይን ሰጥቼዋለሁ። አስቀድሞም ነበረው።

ዘርአይ በማዶው ግድግዳ ላይ በከሰል ንድፍ ይነድፋል። ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ተቀይመውኛል?» አለኝ። «ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሚያዝያ 8፣ ጸሎተ ሐሙስ

ዛሬ ይሁዳን ሠራሁ። በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ከረጢቱን በእጁ ጨብጦ። ብሩሹን ሳላነሣ በአራት ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። እጄ እንዲህ ታዝዞልኝ አያውቅም።

ማንንም አይመስልም። አፍንጫው ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው ብዙ ነው። ከቅንድቡ በላይ ያለችው መስመር ብሩሹ ያመጣት ናት።

መጋረጃ አለበስኩት። እስከ ሰኔ ማንም አያየውም።

ሚያዝያ 9፣ ስቅለት

ስግደት። መጋረጃው ወዳለበት ላለማየት ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ሰገድኩ። ቄሱ አዩኝ መሰለኝ።

ሚያዝያ 11፣ ፋሲካ

ዘርአይ ሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን ሳመ። «እንኳን አደረሰዎ ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ ምሥራቅ ሥጋ እየቆረጠች፣ ቢላዋውን አስቀመጠችና «ዛሬ በዓል ነው፤ ተቆጡኝም አልተቆጡኝም እናገራለሁ» አለች። «የዚያን ቀን ለምን ወጡ? ስምዎትን ሊጠራ ሲል ነው እኮ የወጡት!»

«የማንን ስም?»

«የእርስዎን! ‹ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ መልከጸዴቅ ናቸው፤ ከፕሮፌሰሮቼ ሁሉ አንዳቸውም አላዩትም። እባክዎ ይነሡልን› አለ። ሰው አጨበጨበ። ዞር ዞር ብሎ ፈለገዎት። ወንበርዎ ባዶ ነበር። በጣም ነው ያፈረው፣ አባዬ። እኔም አፈርኩ።»

ሥጋውን አልበላሁም።

ሚያዝያ 16

ይሁዳን ማስተካከል ይቻላል። ግን ቀለሙ ደርቋል። የተመታ መስመር አይጠፋም። ደግሞም ማንንም አይመስልም።

ሚያዝያ 20

እስከ ሰኔ ጊዜ አለ።

ግንቦት 6

በራዲዮ ሰማን። ኢትዮጵያና ኤርትራ ድንበር ላይ ተኩስ ከፍተዋል። ፓርኪንጉ ውስጥ ከኔ ጋር የሚሠራው አወል ሁለት ጊዜ ሂሳብ ተሳሳተ። እህቱ ያገባችው የአሥመራ ሰው ነው። ምሥራቅ ስልኩ ላይ ናት፤ የሀገር ቤት መስመር አይገባም።

ግንቦት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰው አዳራሹ ውስጥ ክብ ክብ ሠርቶ ይነጋገራል። ዘርአይ ሲገባ አንዱ ክብ ዝም አለ። ከዚያ ሌላው። ዘርአይ ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን እጽፈዋለሁ። ኡርጌሳ የሸራውን ልክ ሊያይ መጋረጃውን ገለጠ። ወደ ሸራው ጠጋ ብሎ ጮኸ። «ጋሼ! እርስዎ ቀድመው አውቀውት ኖሯል!»

ደስታነሽ ሮጣ መጣች። «ውይ! ውይ፣ ጠባሳው ሳይቀር! እዩት፣ እዩት! ከረጢቱን አጨባበጡን እዩት!»

«እኛ ስንስመው እሳቸው ያውቁ ነበር!» አለ ኡርጌሳ።

ሰው ተጠራርቶ መጣ። አንዱ እጄን ሳመ። አንድ ወጣት ፎቶ አነሣ።

አልሳቅኩም። ግን «አይደለም» አላልኩም። ይህን ደብተር ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፍ፤ አላልኩም። ሰው ሥዕሌ ፊት ቆሞ እንዲደነቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠበቅኩ። የመጡት ለዚህ ነው።

ግንቦት 10

186 በ104። ማሽኑን ወረወርኩት። አልተሰበረም።

ግንቦት 16

ኮሚቴው «ለጊዜው» ብሏል። ሁኔታው እስኪረጋጋ ዘርአይ ባይመጣ ይሻላል ብሏል። የግራውም ግድግዳ ለእኔ ሆነ። ኡርጌሳ ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ «አሁን ሁለቱም የእርስዎ ነው» አለኝ።

የፈለግኩት ይህ ነበር። በመጋቢት ይህን ቢሰጡኝ እጨፍር ነበር።

ዘርአይ የነደፈውን ከሰል ቆሜ አየሁት። ሩፋኤልን ነው የነደፈው። ክንፎቹን በካሬ ከፋፍሏቸዋል፤ አንዱ ካሬ ከፊት፣ ሌላው ከጎን። የኔ አሠራር ነው። በከሰሉ ጥግ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «ከጋሼ መ. የተማርኩት» ይላል።

ግንቦት 18

ምሥራቅ አየችው። ከሥራ ወጥታ ከሬድመንድ ቀጥታ መጣች። ሰው ነግሯት ይሆናል፣ ወይም ፎቶውን አሳይተዋት። መጋረጃውን ገለጠች፣ አየች፣ መለሰችው። አልጮኸችም። ቤት ስንደርስ ራቴን አቀረበችልኝና ክፍሏ ገባች።

ከነገ ጀምሮ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ዘርአይ መጣ። ከስቷል።

«ብሩሾቼን ልወስድ ነው፣ ጋሼ።»

«ውሰድ።»

ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቀለለ። ከዚያ መጋረጃው ጋ ሄደ። «ሰው ሁሉ አይቶታል። እኔም ማየት እችላለሁ?»

ገለጠው። ብዙ ቆመ።

«ጆሮዬን በደንብ አድርገው ነው የሠሩት» አለ።

መሰላሉን ያዝኩ።

«መቼ ነው የሣሉት?»

«ጸሎተ ሐሙስ ዕለት።»

«ጸሎተ ሐሙስ...» በጣቱ ቆጠረ። «ሶ፣ ጦርነቱ ገና ነበር።»

«ገና ነበር።»

«እንግዲያውስ ስለ ጦርነቱ አይደለም!» ፊቱ በራ፤ ሸክም የወረደለት መሰለ። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠፋ። «ታዲያ ስለ ምንድን ነው?»

«መስመሩ ወሰደኝ» አልኩ።

«የእርስዎን መስመር አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። የትም አይወስድዎትም። እርስዎ በፈለጉበት ነው የሚሄደው።»

መጋረጃውን ራሱ መለሰው። እጥፋቱን እንኳ አስተካከለ። በሩ ላይ ሲደርስ «እናቴ ደሴ ነው የተቀበረችው» አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም። ጫማውን አስሮ ሄደ።

ለዘርአይ የምለው ነበረኝ። ሦስት ቃል ነው። መሰላሉን ይዤ ቆምኩ።

ግንቦት 27፣ ሐሙስ

የነፃው ቀን። ሄድኩ። ሥዕሉ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መጣበት ይመለሳል።

አግዳሚው ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ጠባቂዋ ሁለት ጊዜ «ሰር፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ዓይኗን ነበር የማየው፣ የሁለተኛዋን። እስከ ዛሬ ከጎን ፊት ላይ የተለጠፈች ትመስለኝ ነበር። አይደለችም። የአፍንጫው መስመር ሁለት ሥራ ይሠራል። በጎን ለሚያየው የፊቱ ጫፍ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚያየው የፊቱ መሀል። ከዚያ መስመር ማዶ ጥላ የሚመስለው ካሬ ጥላ አይደለም፤ ሌላው ግማሽ ፊት ነው። ሠዓሊው አንድም መስመር አላጠፋም። ጨመረ እንጂ።

የተመታ መስመር ሳይጠፋ።

ያስተማረኝ ሰው የለም ስል ኖሬአለሁ። እንግዲህ አንድ አለ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ። አሁንም ስሙን አልጽፍም።

ግንቦት 29

ጀመርኩ። መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ።

ሰኔ 1

አፍንጫውን አልነካሁም። ጠባሳውንም አልነካሁም፤ የሱ ናት፣ እሷን ማጥፋት ሌላ በደል ነው። ከመስመሩ ማዶ ያለውን ካሬ ከፈትኩና ጉንጩን አወጣሁ። ከዚያ ዓይኑን። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የዘርአይ ዓይን ምን እንደሚመስል አላስታውስም፤ ይህን ሁሉ ወር ጠባሳውን ነበር የማየው። በመጨረሻ ሻዩን አስቀምጦ «ተቀይመውኛል?» ያለኝን ቀን አስታወስኩ። ያኔ ወጣ።

ሰኔ 3

ከረጢቱ ከበደኝ። አሥራ ሁለቱም ሁለት ዓይን ካላቸው ይሁዳ የታለ? ማዕዱ ያለ ይሁዳ አይሆንም፤ ቄሱ አይቀበሉትም፣ እኔም አልቀበለውም። አንዱ ከረጢቱን መያዝ አለበት።

ማን እንደሚይዝ አውቃለሁ። ዛሬ አልችልም።

ሰኔ 4

ቻልኩ።

ምሥራቅ ምሳ ይዛ መጣች፤ ሳልጠራት ነው። ሸራው ፊት ቆመች። «ከረጢቱ ዳቦ ሆነ» አለች። አዎ፤ አፉ የታሰረበትን ገመድ የዳቦ ስንጥቅ አደረግኩት። ከዚያ ዓይኗ በማዕዱ ላይ ወደ ግራ ሄደ፣ እስከ ጫፉ፣ እስከ ሽማግሌው። እጁ ባዶ ነበር፤ አሁን ከረጢት ጭብጥ አድርጎ ይዟል።

«አባዬ!» አለች። አፏን በእጇ ያዘች።

«ሽሮው ይቀዘቅዛል» አልኳት።

ቤት ስንመለስ በመኪናዋ ወሰደችኝ።

ሰኔ 7፣ እሑድ

ኮሚቴውን ጠርቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። ቄሱም ነበሩ።

ኡርጌሳ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ፈለገ። «ጋሼ፣ ይሁዳ የታለ?»

«ከረጢቱን ፈልግ።»

አገኘው። «ይሄማ እርስዎ ነዎት።»

«አዎ።»

«ሁለት ዓይን አለው!»

«አዎ።»

«ይሁዳ በሁለት ዓይን ተሥሎ ያውቃል?»

ደስታነሽ ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማ፣ «ዕድሜ ነው፤ እየተምታታባቸው ነው» አለች።

«አልተምታታብኝም» አልኩ። «ያንን ሰው በአንድ ዓይን የሣልኩት በሚያዝያ ነው። ጦርነት አልነበረም። ቀንቼበት ነው። በትምህርቱ ቀናሁ፣ በግድግዳው ቀናሁ፣ ልጄ ስለምትሰማው ቀናሁ። ክፋቱ የራሴ ነው፤ ለናንተ ጠብ አላውስም። የግራውን ግድግዳ አልነካም። ሩፋኤልን የጀመረው ይጨርሰው። ሌላ ሰው ብሩሽ ካነሣበት ይህን ሸራ ቀድጄ ወደ ቤቴ እወስዳለሁ።»

ቄሱ ወደ ሸራው ጠጋ ብለው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ሽማግሌውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ከጌታ ጋር አንድ ወጭት ላይ እጁን ያጠለቀ ሰው ነው» አሉ። «ዓይን ነበረው። ይቆይ።»

ኡርጌሳ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ደስታነሽ እስከ ማታ አላናገረችኝም። ኮሚቴው ስለ ዘርአይ ድምፅ ሰጠ። አራት ለሦስት። ለዘርአይ ነው አራቱ። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ አሁንም ይስሙኛል።

ሰኔ 8

ዘርአይን ኮል አደረግኩት። አላነሣም። በስልኩ መልእክት መቅጃ ማሽን ላይ ሦስቱን ቃል ተናገርኩ። «በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።» ስቆጥራቸው ሦስት ናቸው። ከዚያ ማሽኑ ገና ይቀዳ ስለነበር «ሩፋኤል ክንፉ ላይ አራተኛው ካሬ ተንጋዷል፤ ክር ምታበት» ብዬ ዘጋሁ።

ሰኔ 15

አልደወለም።

ሰኔ 21

ተባረከ። ሰው ከበሩ ውጭ እስከ መንገዱ ሞልቷል። የግራው ግድግዳ ግማሹ ከሰል ነው። ማንም ብሩሽ አላነሣበትም።

ከቅዳሴው በኋላ ዘርአይን የጫማው መደርደሪያ ጋ አየሁት። በካልሲው ሆኖ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ከሩቅ ሆኖ ሸራውን ያያል። መጀመሪያ ራሱን አገኘ። እጁ ሳያውቀው ወደ ቅንድቡ ሄደ። ከዚያ ዳቦውን አየ። ከዚያ ዓይኑ በማዕዱ ላይ ወደ ግራ እየሄደ፣ ልክ እንደ ምሥራቅ፣ እኔ ጋ ደረሰ።

ቆይቶ መጣ። ትከሻዬን አልሳመም። አጠገቤ ቆመ።

«አራተኛው ካሬ አልተንጋደደም» አለ። «ለካሁት።»

«ተንጋዷል።»

«ነገ ክር ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ጫፉን ይይዛሉ።»

«እይዛለሁ።»

ሁለታችንም ሸራውን አየን። ሲጨንቀኝ የቆየ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ከእሱ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም።

«ዘርአይ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ይሁዳን በሁለት ዓይን የሣለ ከእኔ በፊት አለ?»

አሰበ። «አላውቅም፣ ጋሼ። ልፈልግልዎት።»

«አትፈልግ» አልኩት።